ሰባ የተባለው ሃያ አምስት

ሚጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። አንዱን ጫማ አድርጋዋለች፣ ሌላውን ተረከዙን ረግጣው ነው የምትሮጠው። ከኋላዋ እናቷ በሩ ላይ ቆማ "ኧረ በፈጠረሽ ቀስ በይ! ደሞስ አባትሽን ምን ብለሽ ልትነግሪው ነው?" ትላለች። ሚጣ በዛ ሰአት ብትመልስላት ለእናቷ የምትሰጠው መልስ ጥሩ መልስ አይሆንም ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጣ የምትሰራው ጌም ቤት ነው፤ ወጣቶች እየመጡ የመኪና እሽቅድምድም የሚጫወቱበት። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ስክሪን፣ ስድስት መሪ። መሪዎቹ ውስጣቸው ሞተር ስላለ ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ጉድጓድ ሲገባ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ኩርባ ላይ ደሞ እንደ እልኸኛ ልጅ ይታገላሉ። ጉልበታቸው ከዜሮ እስከ መቶ ይስተካከላል። የምታስተካክለው ሚጣ ናት። አንዱ መጥቶ "ይሄ መሪ ሞቷል፣ ጨምሪልኝ" ይላታል። ትጨምርለታለች። ቀጥሎ እዛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው "ክንዴን ገነጠለው እኮ፣ ቀንሺ!" ይላል። መቶ ላይ ካላደረግሽልኝ የሚል ደሞ አለ። "መቶ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ይከብዳል፣ ጎማህ ይንሸራተት መንገዱ ይሻክር አትለይም" ስትለው፣ "ለመሆኑ አንቺ መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ቤቱን ሙሉ ያስቅባታል። ነድታ አታውቅም። ጨጓራዋ ተልጦ ነው ቤቷ የምትገባው፣ ቤት ከገባች በኋላ መሪ የሚባል ነገር ማየት አትፈልግም።

አባቷ ግን ሃያ ስድስት አመት አውቶቡስ ነድቷል። ከአምስት ወር በፊት ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታለት እጁ ብርጭቆ እንኳን አልጨብጥ አለ። መስሪያ ቤቱ ቁርጡን ነገረው፤ ነድተህ ትፈተናለህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ካለፍክ ወደ መስመርህ፣ ከወደቅክ ጥበቃ ክፍል ገብተህ በር ትከፍታለህ። "የኔን አውቶቡስ ሌላ ሰው ይዞት ሲገባ ሲወጣ እኔ በር ልከፍትለት?" አለና ሁለት ቀን ሙሉ ዘጋቸው።

ሚጣ አንጀቷ አልችል ሲል ከጌም ቤቱ አሮጌውን መሪ ከነስክሪኑ ተውሳ አመጣችና ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አሰረችለት። ሐኪሙ "በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይክበድበት" ብሎ ስለነበረ ከሃያ ልትጀምር፣ ሰኞ ሰኞ ልትጨምር አሰበች። አባቷ ተቀመጠና አየው አየው።

"ይሄ መሪ ነው የድስት ክዳን?"

"አባዬ፣ ዝም ብለህ ያዝ።"

"ሁለት ዙር ተኩል ላይ አለቀ እኮ! የኔ አውቶቡስ አምስት ዙር ይዞራል።"

"እሱን መጨመር አይቻልም። ጉልበቱን ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ጉልበቱን ጨምሪዋ!"

"ሰኞ።"

"ሐኪም ደሞ ሆንሽልኝ?"

እሷ ቀኑን ሙሉ ስራ ናት፣ አባቷ የሚለማመደው ቀን ነው። ስለዚህ የየሰኞውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ለእናቷ ሰጠቻት። ስክሪኑንም አሳየቻት። "ይቺን ነጥብ ወደ ቀኝ ከጎተትሻት ይከብዳል። እጁ ካበጠ ደሞ ወደ ግራ መለስ አድርጊያት።" በገዛ እጇ ነው ያስተማረቻት።

አባቷ እየተሻለው ሄደ። መሪውን በአንድ እጁ እያዞረ ማፏጨት ጀመረ። መነጽሩን ስለሚጠላ ቁጥሩ አይታየውም፤ ማታ ሚጣ ስትገባ "ስንት ደረስን?" ሲል እናትየው ከኩሽና "ሰባ!" ትላለች። "ሰባ! ሰማሽ ሚጣ?"

ዛሬ ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ለፈተናው ወጣ። ሚጣ መሪውን ለመመለስ ከመፍታቷ በፊት እንዲሁ አንዴ ያዝ አደረገችው። እንደ ላባ ቀለላት። ስክሪኑን ከፈተች። ሃያ አምስት።

"እማዬ! ይሄ ምንድነው?"

"ምኑ?"

"ሰባ ነው ስትይው አልነበረም?"

እናቷ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። "ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። የታች ቤቷ ሴትዮ ልጄ አልተኛ አለኝ እያለች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች። ምን ላድርግ?"

"ስድስት ሳምንት ሙሉ?"

"አርባ ሳደርገው መሪው ከእጁ አመለጠ። አንቺ ስራ ነበርሽ፣ ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ።" ሰሃኑን መልሳ አነሳችና፣ "ሰባ ስለው ደሞ እንዴት ደስ እንደሚለው..."

ሚጣ አባቷ ጋ ደወለች። ስልኩ እዛው ሶፋው ላይ ጮኸ። ከዛ ነው ደረጃውን መዝለል የጀመረችው።

መስሪያ ቤቱ ግቢ ስትደርስ አባቷ አውቶቡሱ አጠገብ ቆሟል። ፈታኙ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል። ሚጣ ትንፋሽ የላትም።

"አባዬ፣ ሰባ አልነበረም። ሃያ አምስት ነው። እማዬ ዝቅ አድርጋው ነበረ። ያሳየኋት ደሞ እኔ ነኝ።"

አባቷ ቀኝ እጁን ከፈተው፣ ዘጋው። "አሁን ነው የሚነገረኝ?"

"አሁን ነው ያወቅኩት።"

"እናትና ልጅ እንደ ህጻን አጫወታችሁኝ በይኛ!"

"ቀን እንዲቀይሩልህ ንገራቸው።"

"ምን ብዬ? እጄ አልዳነም ብዬ? በራሴ አፍ?"

"አንጋፋው!" አለ ፈታኙ ከአውቶቡሱ ውስጥ። "የቤተሰብ ስብሰባ ነው እንዴ? ወይ ግባ፣ ወይ ቀጣዩን ልጥራ።"

አባቷ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። ከዛ ዞረ። ንዴቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል፣ የቀረው ፍርሃት ነው።

"ሚጣ፣ ይሄኛው መሪ በናንተ ቁጥር ስንት ይሆናል?"

ሦስት አመት ሙሉ ስለ መሪ ክብደት ከስንቱ ጋር ተጨቃጭቃለች። ይሄን የጠየቃት የለም። ሃምሳ ሊሆን ይችላል። አስርም ሊሆን ይችላል፣ መቶም።

"አላውቅም አባዬ።"

ራሱን ነቅንቆ ገባ። አውቶቡሱ ለፈተናው በተደረደሩት ቀይ ኮኖች መሀል በቀስታ ሄደ። የመጀመሪያው ኩርባ የግቢው ጫፍ፣ መጋዘኑ ጋ ነው። ሚጣ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አባቷ እዛ ላይ መሪውን አጥብቆ ይዞት ይዞር ወይ ያመልጠው እንደሆነ፣ ማታ ደሞ ሦስቱ ምን ተባብለው እንደሚቀመጡ፣ ምንም አታውቅም።