ማን ነው ያረፈው?

ደበላ የሰው ሞት የሚለፍፍ ሰው ነበር። የጉለሌ እድር ጥሩምባውን የሰጠው ለጉልበቱ ሳይሆን ለድምፁ ነው። ማለዳ ከጉብታው ላይ ይቆምና «እገሌ አርፈዋልና ቀብር ውጡ» ሲል፣ «አርፈዋል» የምትለዋን ቃል ሳብ አድርጎ ወደ ታች ይለቃታል። ያን ጊዜ ሴቱ የሟቹን ስም ሳያጣራ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ወንዱ የያዘውን ሥራ ያስቀምጣል። በአማርኛ ያለውን በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ በሁለቱም ዋሽቶ አያውቅም። በሞት ማን ይዋሻል?

ጣልያን ከተማውን ይዞ ሲደላደል ይህን ድምፅ ሰምቶ ጎመጀ። ልጆች ፊደል ይቆጥሩበት የነበረውን ተማሪ ቤት ቀምቶ ራዲዮ ተከለበት። ከግቢው እስከ ገበያው ሽቦ ዘርግቶ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የብረት መለከት ሰቀለ። ክፍል ውስጥ የተነገረው ሁሉ ገበያ ላይ ይጮኻል። አስተርጓሚው ዓምሃ ደበላን አስጠርቶ፣ ይህ የጠላት ሳይሆን የሰፈራችሁ የራሳችሁ ራዲዮ ነው፣ በራሳችሁ ሰው አፍ ይናገራል አለው። ደበላ እንቢ ያሉት የት እንደገቡ ያውቅ ነበርና ገባ።

የገባበትስ ቤት! በጥቁር ሰሌዳው ላይ የልጆቹ ሀሁ ሳይጠፋ፣ ወታደሮቹ ሲጋራቸውን ፊደሉ ላይ ይተረኩሱበታል። የታችኛውን ክፍል መጸዳጃ አድርገውት ሽታው በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል። መናገሪያው ብረት የዓምሃ ምራቅና የትምባሆ ሽታ ጠጥቷል፤ ደበላ ከንፈሩን ባስጠጋ ቁጥር የሌላ ሰው አፍ የሳመ ይመስለዋል። ማታ አፉን በአመድ ሲያሽ ሚስቱ ሾዴ ታየዋለች፤ ለድካሙ የሚሰጡትን ዱቄት ግን አንድም ቀን አላቦካችው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ነቀዘ።

እስከዚያ ድረስ የሚያስለፍፉት የገዥውን ደግነትና የመንገዱን ማማር ነበር። ውሸት ነው፤ ግን የሚያምነው ስላልነበረ ማንንም አልገደለም። ቀጥሎ ምሕረት መጣ። በዱር ያሉ አርበኞች መሣሪያ እያስረከቡ ይግቡ ተባለ። ዓምሃ ራሱ ሲለፍፍ ከወዲያኛው ተራራ ጥቂት ሰዎች ገቡ። ለመንገድ ሥራ ተወሰዱ ብለው ገበያውን አሳመኑት። ደበላ ግን የዚያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከግቢው ጀርባ ተኩስ ሲጀመር ዓምሃ በእርጋታ ተነሥቶ የሙዚቃውን ሸክላ አስገባ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገው። ሕዝቡ ገበያ መሐል ቆሞ የጣልያን ዘፈን ሰማ።

የሾዴ ወንድም ዋቅጋሪ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው። ብርድና ረኃብ ቢያደክመው፣ እንጨት በምትለቅም ባዩሽ በምትባል ጎረቤት ቃል ላከ፦ የሌላውን አላምንም፣ ምሕረቱን ደበላ በራሱ አፍ ካለው ግን እገባለሁ። ደበላ የተኩሱን ነገር በባዩሽ መልሶ ሊልክ ሲል ወደ ጫካው የሚያወጣው መንገድ በማግስቱ ተዘጋ። ቅዳሜ ደግሞ ለፋፊው ደበላ እንዲሆን ታዘዘ። ሾዴ አላለቀሰችም፤ አልለመነችውም።

«ወንድሜ የሚሰማው ያንተን አፍ ነው» አለችው፤ በቃ።

ቅዳሜ ዓምሃ ቃሉን አስጠናው፤ ደበላ ማንበብ ስለማያውቅ በቃሉ ነው የሚይዘው። «መሣሪያውን ይዞ የገባ ሁሉ ምሕረት ተደርጎለት በቤቱ ያርፋል።» አንዲት ቃል ብትጨምር ብትቀንስ አለው፣ ከኋላው የቆመውን ወታደር እያሳየ። ደበላ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «ያርፋል» ላይ ሲደርስ ግን ቃሏን እንደ ማለዳው ሳብ አድርጎ ወደ ታች ለቀቃት። በኦሮምኛም ደገመው፤ በዚያም ቋንቋ ማረፍ ሞትም ነው። ዓምሃ በዚህ ሰፈር ለቅሶ ደርሶ አያውቅምና ራሱን በመስማማት ነቀነቀ።

ገበያው ጸጥ አለ። ሴቶቹ ሳያስቡት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንድ ሸማኔ ጋቢ ሊሸጥ የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ፣ ማን ነው ያረፈው ብሎ ጠየቀ።

በርበሬ የምትሸጠው አሮጊት ብርነሽ ናት የመለሰችለት። «በምሕረቱ የሚገባው ነዋ» አለች።

ድምፁ በነፋሱ እስከ ዳገቱ ደረሰ። ዋቅጋሪ አልገባም፤ ማንም አልገባም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የጣልያኑ አለቃ ግን ገበያውን ጸጥ ያሰኘውን ድምፅ ወደደው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ነገር በዚህ ድምፅ ይናገር ብሎ አዘዘ። ከዚያ ወዲያ ደበላ የዱቄቱን ዋጋ፣ የፈረስ እሽቅድምድሙን፣ መንገድ ላይ መትፋት ክልክል መሆኑን ሳይቀር በሞት ድምፅ ለፈፈ። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ እየደነገጡ ነጠላ አዘቀዘቁ። ቀጥሎ አፈሩ። ኋላ ላይ መሣቂያ አደረጉት፤ ሰካራም ሁሉ ጠጅ ቤት ገብቶ «ብርሌው አርፏል» ይል ጀመር። ጣልያን ከዘረፈን ሁሉ እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ይኸኛው ነው።

ጣልያን ወጣ፤ መለከቱም ወረደ። ዋቅጋሪ ፀጉሩን አጎፍሮ በሕይወት ተመለሰ። እድሩም ራዲዮ ቤት ሲገባ የወሰደበትን ጥሩምባ ያን ቅዳሜ አስታውሶ ለደበላ መለሰለት። በዚያው ክረምት የሾዴና የዋቅጋሪ እናት ጌጤ ሞቱ። ደበላ ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። «እሜቴ ጌጤ አርፈዋልና ቀብር ውጡ» አለ፣ ቃሏን ሳብ አድርጎ። አንድም በር አልተከፈተም። ሸማኔው በተኛበት፣ ያ ራዲዮ ነው ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ዋቅጋሪ በየደጁ እየሄደ በእጁ አንኳኳ።

«እውነት ነው» ይላል፤ «እናቴ ናት።»

ደበላ ጥሩምባውን በብብቱ ሸጉጦ ከኋላው ይከተላል።