ዋሴን በጆንያ ይዤ የመጣሁ ቀን

አምና ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንኮበር፣ እማማ ዘውዴ ግቢ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆሜአለሁ... አንደኛው «ዋስ አለሽ ወይ?» አሉኝ።

ዋስ! እኔ ከወለጋ ተፈናቅዬ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምኖር ሴት ነኝ፤ እዚህ ማን ያውቀኛል? እዚያ ድንች አምርቼ ለነጋዴ አስረክብ ነበር። እዚህ መሬት ልጠይቅ ቢሮ ስሄድ «ተደራጂና ነይ» አሉኝ። ተደራጅቼ ስሄድ «መሬት የለም»!

ደብረ ብርሃን ገበያ ያገኘኋቸው እማማ ዘውዴ ግን ባላቸው ቄሱ ካረፉ ወዲህ አራሽ አጥተው መሬታቸው ጦም አድሯል። ዘሩና ጉልበቱ የእኔ፣ ምርቱ እኩል ተባብለናል። ክረምቱ ደርሷል፤ ይህ ካመለጠኝ ዓመት ሙሉ ለእርዳታ ስንዴ መሰለፌ ነው።

የወንድማቸው ልጅ ታደሰ ግን መሬቱን ለራሱ ፈልጎታል። «እትዬ፣ ይቺ ነገ ብድግ ብላ ብትሄድ ማንን እንይዛለን? ማምረት መቻሏንስ በምን እናውቃለን?» አለ።

ደሜ ፈላ። «ነገ ዋሴን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

መጠለያው ጀርባ፣ ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልቼ ድንች ተክዬ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውሃ እያጠጣሁ ነው ያሳደግኩት። በነጋታው አንዱን ጆንያ ከነቅጠሉ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ሹፌሩ «ምንድነው እሱ?» ሲለኝ «ዋሴ ነው» አልኩት። እብድ መስዬዋለሁ መሰለኝ፣ ሞተሩን አስነሳ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ጆንያውን በቢላ ቀደድኩት... ድንቹ ተዘረገፈ።

እማማ ዘውዴ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ፣ በነጠላቸው ጠረጉት። «ይህ ሁሉ ከአንድ ጆንያ?»

«መሬት ባገኝማ ከጆንያ ጋር ምን አታገለኝ?» አልኳቸው።

«ዋሷ እኔ ነኝ፣ ጻፉ!» አሉ እማማ ዘውዴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው።

«ባለመሬቷ ራስዎ እንዴት ዋስ ይሆናሉ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ብትከዳኝ የምጎዳው እኔ! እናንተን ምን ቸገራችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ... ጻፉ።

ትናንት ጠዋት መሬቱን ለዘንድሮው ተከላ እያለሰለስኩ ሳለ ታደሰ መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህቴ... ዘር ድንችሽ መልካም ነው ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ብትሰጪኝ ምርት ሲደርስ እመልስልሽ ነበር።»

ከሥራዬ ቀና ሳልል «እሰጥሃለሁ ወንድሜ» አልኩት። «ዋስ አለህ ወይ?»