ብረት አይንካው ይባል ነበር

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። ሚስ ሎሬታን ምን ብዬ እንዳሳመንኳት ነው የሚጠይቁኝ። የልጅ ልጄ ሐና ያን ቀን ስታስተረጉም ብትውልም፣ ለወንድሞቿ ከመጀመሪያው ንገሪልኝ ትላለች። እሺ፣ ቁጭ በሉ።

ሚስ ሎሬታ እዚህ ኮሎምበስ ጎረቤታችን ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ጎመን ስተክል አይታ በአጥሩ በኩል፣ ይሄማ የኛም ነው ብላ የሳቀች ዕለት ተወዳጀን። አምና ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ሐኪሞቹ ሰርጀሪ አሏት። እምቢ አለች። ተከፍቶ አየር ካገኘው በሰውነት ይሰራጫል፣ አያቴ የነገረችኝ ነው አለች። ሐና ስታስተረጉምልኝ ክው አልኩ። የእኔም አያት ይህንኑ ነበር የምትል፤ አየሩን ብቻ ብረት በሉት።

ልጅ እያለሁ ደሴ ነበርን። አክስቴ እታበባ ቅልብልቦሽ ስትጫወት ጠጠር ከእጇ አይወድቅም፤ አሸንፋን ደግሞ እንደ ልጅ ትኩራራብን ነበር። አንድ ሰሞን ግራ እጇን ማንሳት ተወች። ነጠላዋ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል፤ ልተኛባት ስል በዚያ በኩል አታስጠጋኝም። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስሙን የሚጠራ የለም፣ ያ ነገር ነው የሚባል። አያቴ እምዬ ለጠያቂው ሁሉ፣ "ብረት አይንካው፤ ብረት ከነካው ይቆጣል" ትላለች። ከዚያ እሷና አክስቴ ጸበል ገቡ ተባለና ክረምቱን ጠፉ። እኛም ጭቃ ስናቦካ ከረምን።

ሲመለሱ አክስቴ ከስታለች፣ ቀሚሷም በአንድ በኩል ልጥፍ ብሏል። ግን ብዙም ሳትቆይ ጠጠሩን በቀኝ እጇ ወርውራ እንደ ድሮዋ አሸነፈችን። ሰፈሩ ጸበሉን አመሰገነ።

ይህንኑ ለሚስ ሎሬታ እየነገርኳት እዚህ ላይ ስደርስ፣ "ያው ቢላ ሳይነካት ዳነች፤ እኔስ ምን አልኩ?" ብላ አየችኝ። ያኔ ነው የቀረውን የነገርኳት። የምትቀነጥሰውን ጎመን አስቀመጠች። ለሐኪሙ ኮል አድርጊልኝ አለቻት ሐናን።

ይኸው ዘንድሮ ደህና ናት፤ ጎመንሽ አይበስልም እያለች ታስቸግረኛለች። በልጅነቴ በሹክሹክታ የሚወራውን ነገር ዛሬ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅን፣ በሁለት ቋንቋ እናወራዋለን። ደስ ይለኛል።

የቀረውን ደግሞ አክስቴ ራሷ ናት አርጅታ፣ እኔም ልጆች ካሳደግኩ በኋላ የነገረችኝ። ጸበሉ እውነት ነው፣ ሄደዋል። መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበር የገቡት። ሰው እንዳይርቃት ብላ ነው እምዬ ለሰፈሩ ብረት አይንካው፣ ጸበል ብቻ ያለችው። ከዚያ በፊት በዚያው ነገር የታመመች የገዛ እህቷን ከብረት ስትጠብቅ ቀብራ ነበር ለካ። አክስቴ ፈርታ ቃል ሲያቅታት፣ እጇን ይዛ ሐኪሙን "ቁረጥላት" ያለችው ያቺው እምዬ ነበረች።