ቀላሉ መብሻ

የጎረቤት ፍየል የጓዳዬን በር በግንባሯ እየገፋች ገብታ ባቄላዬን ልትጨርሰው ነው። መቀርቀሪያ ግጠሙልኝ ብዬ ብለምን ሁሉም «ነገ» ይለኛል። በቃ፣ ራሴው እገጥመዋለሁ ብዬ በባትሪ የሚሠራ የእንጨት መብሻ ልገዛ ንፋስ መውጫ ወረድኩላችሁ። የእጄን አንጓ ያመኛልና ቀላል ነው የምፈልገው።

«ለማን ነው፣ እማማ?» አለኝ ባለሱቁ።

«ለእኔ ነዋ። ለፍየሏ መሰለህ?»

አንዱን ሰጠኝ። እንደ ገበያ ዶሮ አንጠልጥዬ መዘንኩት።

«ይሄማ ድንጋይ ነው።»

ሌላ አወረደ፣ እሱም ከበደ። «ከዚህ የሚቀል የለኝም፣ ይመኑኝ» ብሎ ይምላል። እኔም ተናድጄ ከመደርደሪያው ጥግ አንዱን ራሴ ባነሳው፣ እናንተዬ፣ ላባ ነው።

«ታዲያ ይሄን ለማን ደብቀኸው ነው?»

«እማማ፣ እሱ እኮ…»

«ዝም በል። አንተን ሰምቼ እጄ ሊቆረጥ ነበር። የምወስደው ይሄን ነው።»

ከፍዬ ልወጣ ስል ባለሱቁ በረዥሙ ተነፈሰ። ከግድግዳው ሶኬት ላይ ጡብ የሚያህል ባትሪ ነቅሎ አመጣና ከመብሻው ሥር ከተተበት።

«እስቲ አሁን ይመዝኑት» አለኝ።

እጄ ከነመብሻው ቁልቁል ወረደ።