አዲስ ሞተር በሐረጎ አቀበት

በጣሊያን ወረራ ዘመን ኮምቦልቻ በጣሊያኖቹ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካፖው ስሜን አልጠየቀኝም። ካፖ የምንለው የጋራዡን አለቃ ነው። ጣሊያን ነው፤ አማርኛውን የተማረው ከገበያ ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። «አንቺ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ። አሳየሁት። ደሴ ላይ ጠብመንጃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና እጄ ጠባሳ በጠባሳ ነው። አገላብጦ አየና «ይሆናል» ብሎ ቤንዚን ያለበት ጣሳና ብሩሽ ሰጠኝ። ጠብመንጃ ፈትቼ የምገጥም ሰውዬ ብሎን አጣቢ ሆኜ አረፍኩት። ተናደድኩ፤ ግን አጠብኩ።

ወደ እኛ የሚመጡት መልእክተኛ ወታደሮች የሚነዷቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ። የኛ አገር አቧራ በካርቡራተሩ ይገባና ሲሊንደሩን ከውስጥ ይፍቀዋል። ሰማያዊ ጭስ ሲያጨስ ዘይት መብላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ይሞረዳል፣ ወፈር ያለ ፒስተን ይገባበታል፣ ፋሻ የምንላቸው የፒስተኑ ቀለበቶች ይለወጣሉ። ከብሎን ወደ ቫልቭ፣ ከቫልቭ ወደ ፒስተን እያልኩ በመጨረሻ ካፖው ሙሉ ሞተር አሳልፎ ይሰጠኝ ጀመር።

ከሚመጡብን ሁሉ አስቸጋሪው አንድ መቶ አለቃ ነበር። አገሩ ሳለ ሞተር በጭቃ፣ በእርሻና በኮረብታ ላይ የሚያሽቀዳድሙበት ጨዋታ ይጫወት ነበር። ዛሬ ሞቶክሮስ የሚሉት መሆኑ ነው፤ ያኔ ለእኛ የለየለት እብደት ነበር። ጨዋታውን የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው ይላል፤ አስከትሎም እሱ እንደሚበልጣቸው ይነግረናል። የፊቱን ጭቃ መከላከያ አስወልቆ፣ ድንጋይ እንዳይመታው የጭስ ማውጫውን ወደ ላይ አስጠምዝዞ፣ አንድ ቀን ሞተሩን ሰማያዊ ጭስ እያስተፋ አመጣው። ሥራው ለእኔ ደረሰ።

ደህና አድርጌ ሠራሁት። ገጥሜ ባስነሳሁት ጊዜ ካፖው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ካፖው ራሱን ከነቀነቀ ምስጋና ነው።

መቶ አለቃው ሞተሩን ሊረከብ በመጣ ዕለት ታዲያ የሚስቴ አባት ሼህ እንድሪስ በጋራዡ በር ቆመዋል። ከኮምቦልቻ በርበሬና ጨው ጭነው ደሴ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ የቤቱ እጅና እግር ሎሚ የምትባል በቅሏቸው ናት። በዚያ ሰሞን ወታደሮቹ ለጭነት እያሉ በቅሎ ይሰበስባሉ፤ የሄደች በቅሎ ስትመለስ ያየ የለም። መቶ አለቃው ሎሚን ዞሮ ዞሮ አያትና በአስተርጓሚ «ይህች ለእኛ ትሆናለች» አለ።

ሼሁ አልደነገጡም። «የብረት በቅሎ እያለህ የሥጋዋ ምን ታደርግልሃለች?» አሉት። «ወይስ ብረቷ አቀበት አትወጣም?»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው የመቶ አለቃው ጆሮ ቀላ። «የፈለግኸውን አቀበት ጥራ» አለ።

«ደሴ የሚያወጣውን ሐረጎን። በመኪናው መንገድ አይደለም፤ በእግር መንገዱ።»

ወታደሮቹ እየሰሙ ውል ታሰረ። በማግስቱ ጠዋት ከኮምቦልቻ ይነሳሉ። ደሴ ፒያሳ ሎሚ ከቀደመች ማንም አይነካትም፤ ሞተሩ ከቀደመ እዚያው ለመቶ አለቃው ትሰጣለች። ዳኛው ካፖው ነው።

ካፖው መቶ አለቃውን ለብቻው ይዞ በቋንቋቸው መከረው። ሞተሩ አዲስ ነው፤ ፒስተኑ ገና ከሲሊንደሩ ጋር አልተላመደም። በየመታጠፊያው ቆመህ አንድ ሲጋራ አጭስ፣ ሲሊንደሩ መብረዱን በእጅህ ዳስስ፣ ከዚያ ቀጥል አለው።

«እኔ ሲጋራ አላጨስም» አለ መቶ አለቃው፤ ሄደ።

እኔ ግን ጭንቅ ያዘኝ። አንድ ብሎን ላላላ ብዬ አሰብኩ፤ የገዛ ሥራዬን ለማበላሸት እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞ አማቴን አውቃቸዋለሁ። ሽማግሌ ባዩ ቁጥር ከበቅሎ ይወርዳሉ። ወርደውም ዝም አይሉም፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የታመመውን ሁሉ ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። «ኧረ አባባ፣ ለነገ እንኳ ሳይወርዱ ይለፉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«በቅሎ ላድን ብዬ ሰው ልዝለል?» አሉኝ። «አብሽር፣ አላህ ያውቃል።»

አላህ ቢያውቅም እኔ ብልጠቴን አመጣሁ። የሚስቴን ወንድም በእግር መንገዱ ዳር ወዳሉት ቤቶች ላክሁና ነገ ሼሁ አልፈው እስኪሄዱ ማንም ደጅ እንዳይወጣ አስነገርኩ። ሽማግሌ ካላዩ አይወርዱም፤ ካልወረዱ ይቀድማሉ። በራሴ ኮራሁ።

ጠዋት መቶ አለቃው እያስጓራ ሼሁን አቧራ አልብሷቸው ሄደ። እኔና ካፖው በጭነት መኪና ቀድመን ፒያሳ ደረስን። የሆነውን በኋላ የሰማሁት ከሼሁ አፍ ነው።

«መንገዱ ጭር ብሏል» አሉኝ። «አንድ ሽማግሌ የለ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት የለች። ያረቢ፣ ሰዉ አለቀ ወይ ብዬ ክው አልኩ። ታዲያ ዝም ብዬ ልለፍ?» አላለፉም። በየቤቱ እየወረዱ በር አንኳኩ። ከውስጥ «ደህና ነን፣ ይሂዱ» ይሏቸዋል፤ እሳቸው «ደህና ከሆናችሁ ለምን ተዘጋባችሁ?» እያሉ ይከራከራሉ። በሩ ካልተከፈተ ንቅንቅ የለም። እንዲያው ብተዋቸው ኖሮ በሰላምታ ብቻ ያልፉ ነበር። ብልጠቴ እንዲህ አድርጎ ጉድ ሠራኝ።

ፒያሳ ላይ ፀሐዩ ጠነከረ። የሞተር ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ወደ መንገዱ ጥያለሁ። ለሚስቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ድምፅ ግን የለም።

በመጨረሻ በመንገዱ ጫፍ ሎሚ ብቅ አለች። ከኋላዋ ገመድ፤ ከገመዱ ጫፍ ሞተሩ፤ ሞተሩ ላይ መቶ አለቃው፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ መሪውን ይዟል። ሼሁ ጎን ጎኑን በእግራቸው እየሄዱ ስለ አዝመራ ያወሩለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቶ አለቃው የሐረጎን አቀበት በአንደኛ ማርሽ፣ ሙሉ ቤንዚን ሰጥቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ወጣው። ፒስተኑ ግሎ አበጠና ሲሊንደሩን ነክሶ ቀረ። ሼሁ በየቤቱ ሰው ሲጠይቁ ቆይተው ሲደርሱ አገኙት፤ እሱም መንገድ ላይ የቸገረው ሰው ነውና ወረዱለት። ጤናውን ጠየቁ። ከዚያ የጭነቱን ገመድ ፈቱ።

ካፖው ገመዱን አየ፣ ሎሚን አየ። «በቅሎ ቀደመች» አለ፤ «በአንድ ገመድ።» መቶ አለቃው አፉን ከፈተ፤ ወታደሮቹ ሲስቁ ሰማና ዘጋው። ሎሚ ቤቷ ገባች። እኔ እዚያው ፒያሳ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ሼሁ ገመዱን ያሰሩት ለደግነት ነው ወይስ አስበውበት? ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። «ይሄ ልጅ ነገር ይወዳል» ብለው ያልፉኛል።

ሞተሩ ተመልሶ ለእኔ መጣ። ሲሊንደሩን እንደገና አስሞረድኩት፤ መቶ አለቃውም በዚያው ሰሞን ሲጋራ ማጨስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተር ሠርቻለሁ፤ ለሚረከበኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። አቀበት ላይ ስትደርስ ቁም፣ ውረድ፣ ያገኘኸውን ሰው ሰላም በል፣ ከብቱንም ጠይቀው። በወሎ ሰላምታ ሞተር ይበርዳል።