ለአዴ ሩት ያልጨረስኩላቸው ታሪክ

ውሸት ነው በሉኝ። እባካችሁ አንዳችሁ ከታች «ተሳስተሽ ነው» ብላችሁ ጻፉልኝ።

ዛሬ ጠዋት ገለምሶ ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ ጭሮ ያለው ኮሌጅ የላይብረሪ ሠራተኛ። በማስተምርበት ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም። «ዘይነባ» አሉ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «አዴ ሩት» አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶው አላስወራቸውም።

ተማሪዎቼን «ቀጥሉ» ብያቸው ወጣሁ። ምኑን እንደሚቀጥሉ እኔም አላውቅም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አዴ ሩት በወጣትነታቸው ለወንጌል ሥራ ከባሕር ማዶ መጥተው እኛው ጋ የቀሩ መምህርት ናቸው። «ነበሩ» አልልም፣ ዛሬ አፌ እሺ አይለኝም። «አዴ» ያልናቸው እኛ ነን፣ በኦሮምኛ እናት ለሚሆኑን ትልልቅ ሴቶች የምንለው ነው። የኮሌጁን ላይብረሪ ከባዶ ክፍል ጀምረው የሞሉት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሩን ለከተማው ልጅ ሁሉ ይከፍቱታል። ክርስቲያን ነሽ ሙስሊም ነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

አንድ ሕግ ብቻ ነው ያላቸው። ያነበብሽውን ፊታቸው ቁጭ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ በፈለግሽው ቋንቋ። ግን መጨረሻውን የዚያኑ ቀን አይሰሙም! ልክ ታሪኩ ሊያልቅ ሲል እጃቸውን ያነሳሉ።

«መጨረሻው ለቦሩ! ነገ የምንመጣበት ይኑረን።»

ቦሩ ማለት ነገ ነው። አማርኛና ኦሮምኛውን እንዲህ አደባልቀው ነው የሚያወሩት፣ ልክ እንደኛ።

አባዬ የጫት ነጋዴ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ «ልጅህ ሚስዮን ቤት ነው የምትውለው» ብለው ነገሩትና አንድ ቀን ከጫት ተራ ተነስቶ መጣ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። «ልጄን ሃይማኖቷን ልታስቀይሩብኝ ነው?» አላቸው በር ላይ እንደቆመ።

አዴ ወንበር ሳቡለት። «ታሪክ እየነገረችኝ ነው። ይቀመጡና አብረን እንስማት፣ ከዚያ ይውሰዷት» አሉት በኦሮምኛ።

ተቀመጠ፣ ግን ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ጫፍ ላይ። እኔም በኦሮምኛ እየተንተባተብኩ ቀጠልኩ። የከብት ሌባ ስለሚያሳድድ አንድ ሽማግሌ ነበር ታሪኩ። ሌባው ሮጦ ሮጦ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ አዴ እጃቸውን አነሱ።

«መጨረሻው ለቦሩ!»

«እንዴ!» አለ አባዬ ብድግ ብሎ። «ያዘው አልያዘውም?»

«ነገ ይምጡ፣ ይሰማሉ።»

«ወላሂ እቺ ሴትዮ ከኔ የባሰች ነጋዴ ናት» እያለ ነው ቤት የደረስነው። መንገዱን ሙሉ ለመነኝ፣ አልነገርኩትም። በማግስቱ ገበያውን ጥሎ ራሱ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ዛሬ አስተማሪ ከሆንኩ ያቺ ቀን ናት ያደረገችኝ።

ኋላ ዓይናቸው ደከመና ዘመዶቻቸው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው። ኮሌጁ ላይብረሪውን በስማቸው ሲሰይም ደውዬ አበሠርኳቸው። «የቁም ተዝካሬን አወጣችሁልኝ በይኛ!» ብለው ሳቁብኝ። ወዲያው ደግሞ «ስሙን ተዪው፣ በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተሠራ ወይ?» አሉኝ። እንዲህ ናቸው አዴ።

ማንበብ ሲያቅታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወልኩ ያነበብኩትን እነግራቸው ጀመር። የመጨረሻው መጽሐፍ ልጇ ተሰዶ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። መንገድ ዳር ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሾፌር ሁሉ «ልጄን አይታችኋል?» ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አይሱዙ ቆሞ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ከላይ ሲወርድ የሚለው ጋ ደረስን።

ድምፃቸው ደክሞብኛል። «አዴ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ልጨርስልዎት?» አልኳቸው። ሳል እያቋረጣቸው «መጨረሻው ለቦሩ» አሉኝ።

ምነው እምቢ ብዬ በነገርኳቸው! ምነው ያን ቀን እንኳ ባልታዘዝኳቸው!

ሚኒባስ ይዤ ጭሮ ገባሁ፣ መጀመሪያ አባዬ ጋ። አርጅቷል አሁን። ስነግረው «ኢና ሊላሂ» አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«መጨረሻውን ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም» ብዬው ወደ ላይብረሪው መጣሁ።

አሁን ላይብረሪው ውስጥ ነኝ። ወንበራቸው ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው አብጦም ቢሆን በሩን አልዘጉትም፣ ልጆች ያነባሉ። ጣሪያውም አያፈስም።

አዴ፣ እጅዎን ሳያነሱብኝ ልጨርስልዎት።

ሰውዬው ዞረ። ልጇ ነው። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን ልጇ ነው። እናትየው አልጮኸችም። የት ከረምክም አላለችውም። እጁን ይዛ ቤት አስገባችው፣ ውሃ ሰጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች። አለቀ።

በሰላም ይሂዱ እናቴ። እርስዎንም እንደዚያ እጅዎን ይዞ የሚያስገባ አይጡ። አሁን የደረሱበትን አገር እኔ አላነበብኩትም፣ ከእንግዲህ የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሲነግሩኝ ታዲያ አይጨርሱት። መጨረሻውን ለቦሩ ያቆዩልኝ። የምመጣበት ይኑረኝ።