የእትዬ ብርቄ ዓሦችና የእኔ እጅ

ከዳንግላ መነኸሪያ በጥዋት ወጣሁ። ዘንቢሌ ውስጥ የኑግ ፋጉሎ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አለ። መድረሻዬ እንጅባራ፣ የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ቤት ነው። የዓሣ ኩሬ አላቸው፤ ጥቅምት ከገባ ወዲህ ዓሦቹ መኖ እንቢ ብለዋል።

ሙሽራ ሆኜ የጠነሰስኩት ጠላ ቢበላሽ "የዚች እጅ የነካው አይለማም" ብለው ያስወሩብኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘር አስነክተውኝ አያውቁም። የእኔ ኩሬ ዓሦች መወፈራቸውን ሲሰሙ ግን ደወሉ፤ "ካልበሉልኝ ኩሬውን አስደፍነዋለሁ" አሉ። የሄድኩት ለዝምድና ብቻ አይደለም፤ ያንን ቃል ላስመልስ ነው።

አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ የድንች ጆንያ ሊጭን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን ያዘች።

"እማማ፣ ይህ ሁሉ ሽንኩርት ለማን ድግስ ነው?"

"ለዓሣ ምሳ።"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። በባሕር አገር ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች በሽታ እንዲቋቋምላቸው እንዲህ ያለውን ከመኖው እንደሚቀላቅሉ ከግብርና ባለሙያ መስማቴን ማን ያስረዳቸዋል?

ቆሰበር

እንጅባራን የአገሩ ሰው ዛሬም ቆሰበር ይላታል። ብርዷ አጥንት ይገባል። እትዬ ብርቄ ጋቢ ደርበው በር ላይ ቆመዋል፤ አርጅተዋል። ሳሙኝና ዘንቢሉን አሸተቱ።

"የዓሣ ዱቄት የለበትም?"

"ሁሉም ከተክል ነው።"

"የጾም መኖ በይኛ! ለካ ዓሦቼ ሁዳዴ ይዘው ኖሯል።"

ለውሼ በተንኩ። አንድም ዓሣ አልወጣም። እጄን ትኩር ብለው አዩት። ከስድባቸው ይልቅ ያንን አስተያየታቸውን ጠላሁት።

ቤት ገብተን የድንች ወጥ አቀረቡ። ትልልቁን ድንች እየመረጡ ወደ እኔ ይገፋሉ። ድሮም እንዲህ ናቸው፤ ምላሳቸው ይነክሳል፣ እጃቸው ያጎርሳል።

ቀትር ላይ ውሃውን ነካሁት፤ ለብ ብሏል። እንደገና በተንኩ። ኩሬው ተንተከተከ፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ተጋፉ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ከእንግዲህ ማለዳ አይስጧቸው፤ ቀትር ላይ ነው።"

"ለምን?"

ብርዱ የዓሦቹን ሆድ እንደሚዘጋው ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት።

"የእኔ እጅ የሚሠራው ቀትር ላይ ነው።"

"አንቺ መርዝ!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

መልስ

በባጃጅ እስከ መነኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል አንድ ፌስታል ጭኔ ላይ አኖሩ። ዓይኑ የወጣ የዘር ድንች ነው።

"ትከዪው፤ በእጅሽ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ዳንግላ ስገባ ነጠላዬን ሳላስቀምጥ ጓሮ ገብቼ ተከልኩት። ከጉዞው የተማርኩት፣ ብርድ የዘጋው ሆድ ሲሞቅ እንደሚከፈት ነው፤ የዓሣም፣ የእትዬ ብርቄም። የእኔ ደግሞ ድንቹ ሲበቅል ይታያል።